ፍሪምባው መቼ ይጠቀለል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፍሪምባን በጭስና በዝግታ እሳት ከንጋት እስከ ማታ ማብሰል፣ መሐል ላይም በወረቀት ወይም በፎይል መጠቅለል የቴክሳስ ሰዎች ሙያ ነው። በርሜል አስገምሶ ብየዳ ቤት ክዳንና ጭስ መውጫ ያሠራ ሰው ደብረ ብርሃን ላይም ይህንኑ መሥራት ይችላል። የሚያስቸግረው በርሜሉ ሳይሆን ከሙያው ጋር አብረው የመጡት የሙቀት ቁጥሮች ናቸው። እነዚያ ቁጥሮች የተቀመሩት ከባሕር ወለል 150 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው የቴክሳሷ ከተማ ኦስቲንና በመሰሎቿ ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,840 ሜትር ላይ ናት።

«አርሯል፤ አይበላም።» ክዳኑ ሲከፈት ከእንግዶች የሚሰማው ይህ ነው። ያረረ ሥጋ ከሰል ሆኖ ይፈረከሳል፣ አፍ ውስጥም ይመራል። ጥሩ ቅርፊት ግን ከሩቅ ጥቁር ይምሰል እንጂ ብርሃን ላይ ሲያዩት ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። የሚፈጠረው የሥጋው ገጽ ቀስ በቀስ ሲደርቅ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬው ከፕሮቲኑና ከቀለጠው ስብ ጋር ተዋህዶ ሲጠነክር፣ በላዩም የጭስ ብናኝ ሲያርፍበት ነው።

«ቅመሙ ሲበዛ ቅርፊቱ ይወፍራል።» አይወፍርም። ጨውና በሙቀጫ ሸካራ ተደርጎ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ ይበቃል። በርበሬ በወፍራሙ ከተለበጠበት ገጹ ጭቃ ይሆናል፤ ስኳር የበዛበት ቅመም ደግሞ ከሥጋው ቀድሞ ያርራል።

«ጭሱ ሲበረታ ጣዕሙ ይበረታል።» ነጭና ወፍራም ጭስ እሳቱ አየር እንዳጣ ወይም እንጨቱ እርጥብ እንደሆነ ይናገራል፤ ሥጋው ላይም ጥላሸትና ምሬት ይጥላል። የሚፈለገው ዓይን በግድ የሚለየው ስስ፣ ሰማያዊ ቢጤ ጭስ ነው። በደጋው አየሩ ስስ ስለሆነ የበርሜሉን አየር ማስገቢያ የቴክሳሱ መመሪያ ከሚለው ሰፋ አድርጎ መክፈት ያስፈልጋል። እንጨቱን በተመለከተ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያዋን በባሕር ዛፍ ስለተከበበች ብቻ ባሕር ዛፍ መማገድ የለበትም፤ ዘይታማ ነው፤ ሥጋውን መድኃኒት መድኃኒት ያሸተዋል። ጥድም ሙጫ ስላለው አይሆንም። የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ሲታጠንበት የኖረው ወይራ እያለ ሌላ ፍለጋ መዞር ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። ከቆላው፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል የሚመጣ ደረቅ ግራርም ጥሩ ፍም ይሰጣል።

«ቅቤ ቶሎ ቶሎ ካልተቀባ ይደርቃል።» ገጹ ካልደረቀ ቅርፊት የለም። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ያህል ክዳኑ ባይነካ ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ ጠርዙ ብቻውን ደርቆ ከታየ ትንሽ ውሃ እዚያው ላይ መርጨት በቂ ነው።

«ሙቀቱ ቆሟል፤ እንጨት ጨምሩ!» ብዙ ፍሪምባ የሚበላሸው በዚህ ነው። የሥጋው ውስጥ ሙቀት ከ65 እስከ 75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቴርሞሜትሩ ድርቅ ይላል። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም አራት። እሳቱ ግን አልደከመም። ከሥጋው የሚወጣው እርጥበት ገጹ ላይ እየተነነ፣ ላብ ሰውነትን እንደሚያቀዘቅዝ ሁሉ ሥጋውን እያቀዘቀዘው ነው፤ እሳቱ የሚሰጠውና ትነቱ የሚወስደው ሙቀት እኩል ሆነዋል። የበጋ የደጋ አየር ደረቅም ስስም ስለሆነ ትነቱ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ቴርሞሜትሩ እዚህ ከቴክሳሱ ቁጥር ዝቅ ብሎ ሊቆም ይችላል። እንጨት የጨመረ ሰው ትነቱን ያሸንፍ ይሆናል፤ ገጹ ግን የእውነት ያርራል፤ ያኔ እንግዳው ቢያማርር እውነት አለው። ደግሞም ይህ የባከነ ሰዓት አይደለም። ቅርፊቱ የሚጠነክረው በዚሁ ጊዜ ነው።

«71 ሲገባ ጠቅልል።» ከሁሉ ይልቅ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ቴርሞሜትሩ የተሰካው ሥጋው ውስጥ ነው፤ ቅርፊቱ ያለው ውጭ ነው። የውስጡ ቁጥር ስለ ውጩ ምን ያውቃል? መጠቅለል ትነቱን ይገታል፤ ትነቱ ሲገታ ሙቀቱ እንደገና ይወጣል፤ የቅርፊቱ ሥራም እዚያው ላይ ያበቃል። ስለዚህ መታየት ያለበት ቅርፊቱ ነው። ገጹን በጥፍር ቀስ አድርጎ መፋቅ ነው፦ ቁንዶ በርበሬው ከጥፍሩ ጋር ተነሥቶ ከሥሩ እርጥብ ሥጋ ከታየ ገና ነው፤ ጥፍሩ ምንም ሳያነሣ ተንሸራቶ ካለፈ ቅመሙና ሥጋው አንድ ሆነዋል። ከላይ ያለው ስብ በጣት ሲጫኑት መልሶ የሚገፋ ከሆነ ይቆይ፤ ጣት ሰርጎ ከገባ ደርሷል። ጎድጎድ ባለው በኩል ውሃ ተጠራቅሞ ከሆነ ቅመሙን እያጠበው ነውና ሥጋውን ዘንበል አድርጎ ማፍሰስ ያሻል። ይህ ሁሉ በ66 ዲግሪ ሊሟላ ይችላል፤ በ76ም እንዲሁ። ሞራ ገላጭ አያስፈልግም፤ ጥፍር ይበቃል።

ስለ ሞራ ከተነሣ፣ ከቅርጫ የሚደርሰን ፍሪምባ ብዙውን ጊዜ ያረሰ በሬ ሥጋ ነው፤ ስቡ ስስ ነው። ቅርፊቱ እንደያዘ ሳይዘገዩ መጠቅለል፣ ወረቀቱንም በቀለጠ ሞራ ማራስ ይጠቅመዋል። ፍሪምባው ሙሉውን እንዲቀር የሚፈልግ ሰው ደግሞ መደቡ ከመውጣቱ በፊት ይናገር፤ መጥረቢያው ካረፈበት በኋላ ንግግር የለም።

«መጠቅለያ ያው መጠቅለያ ነው።» ፎይል እንፋሎቱን ሁሉ ይይዛል፤ ያፈጥናል፤ ቅርፊቱን ግን ያለሰልሳል። የኦስቲኑ የፍሪምባ ባለሙያ አሮን ፍራንክሊን ያስለመደው ያልተቀባ ካኪ ወረቀት እንፋሎቱን በከፊል ስለሚያሳልፍ ቅርፊቱ ጥንካሬውን ብዙም አያጣም። ድፎ ዳቦ የምንጋግርበት ኮባ ጠባዩ ወደ ፎይሉ ያደላል። ጋዜጣ ቀለም አለው። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀትማ ጭራሽ አይታሰብም።

«95 ካልገባ አልበሰለም።» ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው ከ90 እስከ 91 ዲግሪ ባለው ነው። ውሃ የያዘ ሥጋ ከዚያ እምብዛም አያልፍም፤ ስለዚህ እዚህ 95ን የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው ሥጋው እስኪደርቅ ነው። 1,280 ሜትር ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ውሃ የሚፈላው 95 እና 96 አካባቢ በመሆኑ በአንድ ዞን ውስጥ እንኳ አንድ ቁጥር አይሠራም። ጠንካራውን ጅማት ወደ ጄላቲን የሚለውጠው ሙቀት ብቻ ሳይሆን ጊዜም ነው፤ 88 እና 90 መካከል ረዘም ላለ ሰዓት ቢቆይ ይለሰልሳል። መመርመሪያው ወስፌ ነው። ስብ አልባው ክፍል በሚወፍርበት በኩል ያለ ትግል ገብቶ ከወጣ በስሏል።

«በትኩሱ ይቆረጥ።» ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረፍ። ከነመጠቅለያው በንጹሕ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ሙቀቱን ይይዛል፤ የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ ልብስ አያጣም። ውስጡ ከ60 ዲግሪ በታች ሳይወርድ ግን መቅረብ አለበት። ሲቆረጥም የሥጋው ጭረት ተቋርጦ ነው፤ ፍሪምባ ሁለት ጡንቻ የተደራረበበት ስለሆነ ጭረቱ መሐል ላይ አቅጣጫ ይቀይራል፤ እዚያ ሲደርሱ ሥጋውን አዙሮ መቀጠል ነው።