«ስም አልባ የሕሙማን መረጃ» ምንድን ነው?

«ስሙን እኮ ሰርዘነዋል፤ ታዲያ ምን ችግር አለው?» የሕሙማን መረጃ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሰጥ አይሰጥ የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ይህን እሰማለሁ። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ በሙሉ ልብ ሲናገረው ስሰማ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ጣጣው የሚጀምረው ከቃሉ ነው። «ስም አልባ» ሲባል የጎደለው ስም ብቻ ይመስላል። ልንል የፈለግነው ግን «ባለቤቱ የማይታወቅ» ነው።

በሰፈራችሁ ጋቢ ተከናንቦ የሚያልፍ ሰው አስቡ። ፊቱ አይታይም። አረማመዱን፣ ከዘራውን፣ የሚገባበትን በር ስታዩ ግን ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስም መሰረዝ ፊትን መከናነብ ነው። ዕድሜ፣ ፆታ፣ ቀበሌ፣ የታከመበት ቀን ደግሞ አረማመዱ ናቸው። ያው ሰው ለጥምቀት ጃንሜዳ ቢገኝስ? ሁሉም ነጭ ለብሷል፤ ማን ይለየዋል? የሸሸገው ጋቢው ሳይሆን ሕዝቡ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ተሰረዘ?» አይደለም። «እሱን የሚመስሉ ስንት ሰዎች መዝገቡ ላይ አሉ?» ነው።

ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ የመንግሥት ሠራተኞቿን የሕክምና መረጃ ስም ሰርዛ ለተመራማሪዎች ሰጥታ ነበር። ላታንያ ስዊኒ የምትባል ተማሪ በ20 ዶላር የመራጮች መዝገብ ገዛች። የልደት ቀን፣ ፆታና የፖስታ ቁጥር አመሳክራ የአገረ ገዢውን የዊልያም ዌልድን ሕክምና ለይታ አወጣች።

እኛ ጋ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ካርዳችን ላይ ብዙ ጊዜ የልደት ቀን የለም። ዕድሜውም 30፣ 35፣ 40 እየተባለ የተጠጋጋ ነው። ለጥናት ራስ ምታት ነው፤ ለመሸሸግ ግን ሳይታሰብ ይረዳል። ደግሞ ሰው ሲታመም ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀው ይሄዳል። መቼ እንደተኛ፣ የት ሆስፒታል እንደተኛ መንደሩ ያውቃል። የመራጮች መዝገብ መግዛት ማን ያስፈልገዋል?

«ስሙን በኮድ ተክተናል» የሚሉም አሉ። ኮዱን ከስም ጋር የሚያገናኝ መዝገብ አንድ ቦታ እስካለ ድረስ የጋቢው ጫፍ በሌላ ሰው እጅ ነው። መዝገቡን ማግኘት በሚችል ሰው እጅ ያለውን እንዲህ ያለ መረጃ የአውሮፓ ሕግ አሁንም የግል መረጃ ይለዋል። ኮድ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። አንድ የቲቢ ታካሚ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ያስፈልገናል። ግን በስሙ እንጥራው፤ ስም አልባ አይደለም።

በሌላ ወገን «መንግሥት ካርዳችንን እያነበበ ነው» ለሚሉትም መልስ አለኝ። ከጤና ጣቢያ ወደ ላይ ከሚሄደው አብዛኛው ድምር ነው። በዚህ ሳምንት ስንት ሰው ወባ ያዘው፣ ስንት ሕፃን ተከተበ። ያለዚያ ወረርሽኝ መነሳቱን የምናውቀው ቀብር ሲበዛ ነው። ድምርም ቢሆን አነስተኛ ቀበሌ ላይ «1» ተብሎ ከተጻፈ ሰውየውን ሊጠቁም ይችላል።

ኮሌራ ሲነሳ ደግሞ ስምና አድራሻ ያለበት ዝርዝር ይያዛል። መያዝም አለበት፤ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠጣውን ውኃ ማየት ግድ ነው። ይህን «ስም አልባ» እያሉ ማቅረብ ግን ሰውን መዋሸት ነው። የሚያስፈልግበትን ምክንያት በግልጽ ብንነግረው ይገባዋል።

ከባዱ ምርጫ እዚህ ላይ ነው። ቀበሌውን ሰርዘን ወረዳውን ብቻ ብንተው ሰውየው ይሸሸጋል። የተበከለው ምንጭም አብሮት ይሸሸጋል። ያን አስተያየት ሰጪ ባገኘው የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ለየትኛው ሥራ፣ ቀበሌ ድረስ ወይስ ወረዳ ድረስ፣ ማን እጅ፣ ለስንት ጊዜ?