«እንቁላል ይዟታል» ማለት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው «እርግቤ ትናንት አንድ እንቁላል ጣለች። ሁለተኛው ግን ይዟታል» ብሎ ሲያማክር ሰማሁ። አጠገቡ የነበረው አዋቂ ነኝ ባይ ወዲያው መድኃኒት አዘዘ። ዘይት አጠጣት፣ ከዚያ ሆዷን ቀስ እያልክ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንስሳት ሳክም ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም።

«እንቁላል ይዛለች» እና «እንቁላል ይዟታል» አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እርግቧ ናት፤ ጤነኛ ነች፣ ልትጥል ነው። በሁለተኛው እንቁላሉ ባለቤት ሆኗል። የእንቁላል መውጫ ቱቦዋ ውስጥ ቀርቶ አልወጣም ብሏል ማለት ነው።

የዚያ ሰውዬ እርግብ ምንም አልሆነችም። እርግብ የመጀመሪያውን እንቁላል ብዙ ጊዜ አመሻሽ ላይ፣ 11 ሰዓት ገደማ ትጥላለች። ሁለተኛው በማግስቱ አይመጣም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። መሃሉ ከ40 ሰዓት በላይ ነው። ቅርፊቱ ገና እየተሠራ ያለን እንቁላል «ዘገየ» ብሎ መጭመቅ፣ ሊጥ ሳይቦካ ምጣድ እንደመጣድ ነው።

በእውነት የያዛት እርግብ ታስታውቃለች። ላባዋን ነፍታ፣ ክንፏን ጥላ ጥግ ትይዛለች። ጅራቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ታምጣለች፣ ግን የሚወጣ የለም። ሲብስ እግሯ አይሸከማትም፤ እንቁላሉ ወደ እግር የሚሄደውን ነርቭ ይጫነዋል።

ሰዎች ይህን ሲያዩ በሩ ጠቦ ነው ይላሉ። ዘይቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። እኔ ግን የሚታየኝ የዓባይ በረሃን አቀበት ወደ ደጀን ሲወጣ የቆመ ሲኖትራክ ነው። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ያለቀው ናፍጣው ነው። አስፓልቱን ዘይት ብትቀባው መኪናው ይወጣል? ናፍጣው ካልሲየም ነው። እንቁላሉን የሚገፋው ጡንቻ ያለ ካልሲየም አይኮማተርም። ያንኑ ካልሲየም ደግሞ ቅርፊቱ ወስዶታል፤ ከአጥንቷ ሳይቀር። ስለዚህ ጭነቱ ናፍጣውን ጠጥቶታል ማለት ነው። ከኋላ አሥር ጎረምሳ ቢገፋ ጭነቱ ይሰበራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። በእርግቧም ሆድ ውስጥ እንዲሁ ነው። የተሰበረ ቅርፊት ቱቦዋን ይቀድዳል፤ አስኳሉ ሆዷ ውስጥ ከፈሰሰ ደግሞ ሊገድላት ይችላል።

ምሳሌዬ እዚህ ላይ ትንሽ ያነክሳል። አንዳንዴ እንቁላሉ ከልክ በላይ ትልቅ ወይም ጠማማ ይሆናል፤ ያኔ መንገዱም ጠቧል። ቄብ የመጀመሪያዋን ስትጥል፣ ያረጀች፣ የወፈረች ወይም ሳታርፍ በላይ በላይ የምትጥልም ትቸገራለች። ብርድም አለበት። የማርቆስ ሐምሌ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ፀሐይ የለም። ያለ ፀሐይ በቂ ቫይታሚን ዲ አታገኝም፣ ያለ እሱ የበላችው ካልሲየም ወደ ደሟ በደንብ አይገባም። በቆሎና ስንዴ ብቻ የምትበላ ከሆነ መጀመሪያውኑ የሚገባም የላትም።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ በካርቶን ይዞልኝ መጣ። ሳነሳት ቀዝቃዛ ነበረች፣ እግሮቿ ተንጠልጥለዋል። «ጋሼ፣ አልጨመቅኋትም» አለ ገና ሳልጠይቀው። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ አደረግን፣ በጨርቅ ጠቅልለን አጠገቧ አኖርን፤ ጨለም ያለና ጸጥ ያለ ቦታ። እንዳትቃጠል እየነካን። ካልሲየም በልኳ ወጋኋት። የተፈጨ ቅርፊት ለመከላከል ነው እንጂ በዚያ ሰዓት አይደርስም። መውጫዋ ላይ ሁለት ጠብታ ዘይት አድርጌያለሁ፣ አልዋሽም። ግን ከውጭ ነው፣ በአፏ አይደለም፤ በአፍ የገባ ዘይት ወደ አንጀት ይሄዳል እንጂ እንቁላሉ ጋ አይደርስም።

ሁለት ነገር ሳልናገር አላልፍም። «ማማጫ መርፌ ውጋልኝ» አትበሉን፤ መውጫው ሳይከፈት ከተሰጠ ቱቦውን ሊቀድ ይችላል። ውሃዋ ውስጥ ቴትራሳይክሊን የምትጨምሩም ተዉት፤ ከካልሲየም ጋር ይጣበቅና ሁለቱንም ከንቱ ያደርጋቸዋል። እና በጥቂት ሰዓት ለውጥ ከሌለ ወደ ሐኪም ነው፤ አንድ ቀን ካደረች ልትሞት ትችላለች።

ለከርሞው የዶሮ እንቁላል ቅርፊት ቀቅሎ፣ አድርቆ፣ ወቅጦ ማስቀመጥ ይበቃል። ከደጀን የኖራ ድንጋይ ጋር ነገሩ አንድ ነው፣ ካልሲየም ካርቦኔት። የግድግዳ ኖራ ግን እንዳትሰጡ፣ ያቃጥላል።

የልጁ እርግብ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጣለች። ቅርፊቱ ስስ፣ እንደ ብራና የሚሰረጉድ ነበር። ሁለተኛው ከነገ ወዲያ ነው፣ እስከዚያ እንዳትነካት ብዬ ሸኘሁት። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ሁለተኛው ይዟታል!»