«ሳይንስ አረጋገጠ» እየተባለ የሚላክልን ሊንክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ያለው ሰው ይህን ዓይነት ሊንክ ያውቀዋል። ከላይ የናሳ አርማ፣ መሃል ላይ የሚያበራ አንጎል፣ ከታች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ። «ሳይንቲስቶች ደነገጡ!» ብሎ ይጀምራል፣ «ሳያጋሩ አይለፉ» ብሎ ይጨርሳል። ላኪው ብዙ ጊዜ የምናከብረው ሰው ነው፤ ጋሼ ወይም እትዬ። ስለዚህ «ይሄ ነገር እውነት ነው?» የሚል አይገኝም። ሁለት ሦስት «አሜን» ይጻፍና ይታለፋል።

ከእምነት ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ እምነትን በውሸት ሳይንስ ልደግፍ ብሎ ከሚሮጠው ሊንክ ጋር ነው። ደጋግመው የሚመጡትን እንያቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።

«ናሳ ኢያሱ ፀሐይን ያቆመበትን ቀን በኮምፒውተር አገኘው»

የዚህ ሊንክ ዕድሜ ከብዙዎቻችን ይበልጣል። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ የናሳ ሰዎች የፕላኔቶችን አቀማመጥ ወደ ኋላ ሲያሰሉ ኮምፒውተሩ ቆመ፤ አንድ ቀን ጎደለ። ከመካከላቸው አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ገለጠ። በኢያሱ ዘመን 23 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ተገኘ። የቀረው 40 ደቂቃ ደግሞ የሕዝቅያስ ጥላ አሥር ደረጃ ወደ ኋላ ከተመለሰበት መጣ። ድምሩ 24 ሰዓት። ልክ እንደ ቁልፍና ጓንጉላ ገጠመ!

ወሬውን በ1960ዎቹ መጨረሻ ያሰራጨው ሃሮልድ ሂል የሚባል የባልቲሞር ነጋዴ ነው። ቦታው ደግሞ ግሪንቤልት፣ ሜሪላንድ ያለው የናሳ ጎዳርድ ማዕከል ነው ተባለ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አበሻ በመኪና ቶሎ የሚደርስበት ቦታ ነው። ማዕከሉ ሲጠየቅ ስለ ጉዳዩ የማውቀው የለም አለ። ሰውዬው በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ለአጭር ጊዜ በመሐንዲስነት ሠርቷል፤ ሥራው ግን ከኮምፒውተር ክፍሉም ሆነ ከምሕዋር ስሌቱ ጋር አያገናኘውም ነበር። ይባስ ብሎ «የጠፋው ቀን» የሚለው ስሌት ራሱ ናሳ ከመቋቋሙ በፊት ነበረ። ቻርልስ ቶተን የሚባል አሜሪካዊ በ1890 አሳትሞታል። ናሳ የተቋቋመው በ1958 ነው።

ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ቀን ሊያገኝ አይችልም። የቆመ ሰዓት ስንት ሰዓት ቆሞ እንደነበር ሰዓቱን ራሱን በማየት አይታወቅም፤ የሚያመሳክሩት ሌላ ሰዓት ያስፈልጋል። ስሌቱም ያው ነው። ወደ ኋላ ስታሰላ የምታገኘው የቀመሩን ውጤት ብቻ ነው። ከቀመሩ ውጭ የሆነ ነገር ተከስቶ እንደሆነ የሚነግርህ በጊዜው የተጻፈ መዝገብ ነው።

እንዲህ ያለ መዝገብ ደግሞ አለ፣ ያውም ከዚህ ሊንክ የበለጠ የሚያስደንቅ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ136 ዓመት ባቢሎን ላይ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ጨለመች። የዚያ አገር ሰዎች በሸክላ ሰሌዳ ጻፉት። ዛሬ የመሬትን የመዞር ፍጥነት ሳትቀይር ወደ ኋላ ብታሰላ ጨለማው ባቢሎን ላይ አይውልም፤ ርቆ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ልዩነቱ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። ከዚህ የምንረዳው መሬት ቀስ በቀስ እየዘገየች መሆኗን ነው፤ ሰከንድ ለሺሕ ቢከፈል፣ ቀኑ በመቶ ዓመት ከዚያ ሁለት እጅ ገደማ ይረዝማል። ይህን ግን ማንም «አሜን» ብሎ ሲያጋራው አላየሁም።

«ነፍስ 21 ግራም ትመዝናለች፤ በሳይንስ ተረጋግጧል»

ዶክተር ዳንከን ማክዱጋል የማሳቹሴትስ ሐኪም ነበር። በ1907 ያሳተመው ሙከራ በስድስት ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። ሊሞቱ የተቃረቡ ሕመምተኞችን ከነአልጋቸው ሚዛን ላይ አድርጎ ጠበቀ። 21 ግራም የተገኘው ከመጀመሪያው ሰው ብቻ ነው። ሁለቱን ራሱ ውድቅ አደረጋቸው። የቀሩት ሦስቱ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ከዚያ 15 ውሾችን ሞከረና ምንም የክብደት ለውጥ አላገኘም፤ ስለዚህ ውሻ ነፍስ የለውም አለ። ከስድስት አንዱን መርጦ «ተረጋገጠ» ማለት በየትኛውም ቤት አይሠራም። ደግሞስ ነፍስን በሚዛን የሚፈልግ አማኝ ምን ዓይነት አማኝ ነው?

«ውሃ ጸሎት ይሰማል፤ በፎቶ ታይቷል»

ይኼኛው እኛ ጋ ሲደርስ «ጠበል በሳይንስ ተረጋገጠ» የሚል አዲስ ርእስ ይለብሳል። ፎቶዎቹ የጃፓናዊው ማሳሩ ኤሞቶ ናቸው። «ፍቅር» የተባለው ውሃ ሲቀዘቅዝ የሚያምር ክሪስታል፣ የተሰደበው ደግሞ የተበላሸ ክሪስታል ሠራ ይላል። ችግሩ ፎቶ አንሺዎቹ ከብዙ ክሪስታሎች መካከል የሚመጥነውን መምረጣቸው ነው። ከአንድ ብልቃጥ ውሃ ውብም አስቀያሚም ይወጣል። የክሪስታልን ቅርፅ የሚወስነው ምን እንደሆነ ደግሞ ሌላ ጃፓናዊ፣ ኡኪቺሮ ናካያ፣ ሆካይዶ ላይ ቀድሞ አሳይቷል። በ1936 በላቦራቶሪ የበረዶ ክሪስታል ሠራ። ቅርፁ የሚወሰነው በቅዝቃዜው መጠንና በአየሩ እርጥበት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ የፎቶ ብቻ አይደለም። እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ የነበረውን የምናስታውስ እናስታውሳለን። ኤችአይቪ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ጠበሉን ብለው መድኃኒቱን ይተዉ ነበር። «ሁለቱን መውሰድ እምነት ማጉደል ነው» የሚል ወሬ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ስለ ክሪስታል ያነሱት ነገር የለም፤ አላስፈለጋቸውምም። ጠበል የሚሄድ ሰው የሚሄደው በእምነቱ ነው። ኪኒኑ ደግሞ በላቦራቶሪ የተፈተነ ነው። ዛሬም «ጠበሉ በሳይንስ ስለተረጋገጠ ኪኒኑ አያስፈልግም» የሚል ሊንክ ከመጣ፣ ያንን ዝም ብሎ ማለፍ ይሉኝታ ሳይሆን ጥፋት ነው።

«ኳንተም ፊዚክስ ሐሳብህ እውነታን ይፈጥራል ይላል»

አይልም። ኳንተም ፊዚክስ እንደ አተምና ኤሌክትሮን ያሉ ጥቃቅን ነገሮችን ጠባይ የሚያጠና ሳይንስ ነው። የሚጠቀሰው ሙከራ የሁለቱ ቀዳዳዎች ሙከራ ነው። ኤሌክትሮኖች በሁለት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ሲያልፉ ማዶ ያለው ሰሌዳ ላይ እንደ ማዕበል መስመር መስመር ይሠራሉ። በየትኛው ቀዳዳ እንዳለፉ ከለካህ መስመሩ ይጠፋል። ከዚህ ተነስቶ «የሰው ዓይን ስላየው ነው፣ ስለዚህ ሀብት በሐሳብ ይመጣል» የሚሉ አሠልጣኞች በዝተዋል፤ ሥልጠናው ደግሞ በነፃ አይደለም።

«መለካት» ማለት እዚህ አካላዊ ንክኪ ነው። ቪየና ያሉ ተመራማሪዎች በ1999 ከ60 የካርቦን አተሞች በተሠራ ሞለኪውል ያንኑ ማዕበል አሳዩ። በኋላ እንዲህ ያሉ ሞለኪውሎች የሚያልፉበት ባዶ ክፍል ውስጥ ትንሽ ጋዝ ሲያስገቡ ማዕበሉ እየደበዘዘ ጠፋ። የጋዙ ቅንጣቶች ሲጋጩት ማለት ነው። ሐሳብም ዓይንም አልገባበትም።

«የምንጠቀመው የአንጎላችንን 10 በመቶ ነው»

ሐሰት። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ከጉልበታችን 20 በመቶ ያህሉን ይበላል። ዘጠኝ እጁ ሥራ ፈት ሆኖ ይህን ያህል አይበላም። በአንጎል ስካንም ተኝተን ሳለ እንኳ ሁሉም ክፍሉ ሲሠራ ይታያል።

«የምድር የልብ ምት እየጨመረ ነው፤ ንቃተ ኅሊናችን እያደገ ነው»

የሹማን ድምፀት የሚባል ነገር በእርግጥ አለ። ጀርመናዊው ቪንፍሪድ ሹማን በ1952 አስልቶታል። በምድርና ከላይ ባለው በኤሌክትሪክ በተሞላ የአየር ንብርብር መካከል መብረቅ የሚፈጥረው ሞገድ ነው፤ በሰከንድ 7.83 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ለምን ይህ ቁጥር? ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ነው። አካፍሉት፣ 7.5 ነው። ትንሽ ማስተካከያ ሲጨመር እዚያው አካባቢ ነው። ወደ 40 አደገ የሚል ሰው ምድር በጣም ጠበበች ማለቱ ነው። ከሊንኩ ጋር የሚላከው ባለቀለም ሥዕል ላይ የሚያበራው ነጭ ደግሞ የሞገዱን ጉልበት እንጂ ፍጥነቱን አያሳይም።

«ሰርን የሲኦልን በር ሊከፍት ነው፤ ደጁ ላይ ጣዖት አቁሟል»

ሰርን የአተም ቅንጣቶችን የሚያጠና የአውሮፓ የምርምር ማዕከል ነው። ሐውልቱ አለ። ጄኔቫ አጠገብ ባለው የሰርን ግቢ ውስጥ ሁለት ሜትር የሚሆን የሂንዱ አምላክ የሺቫ ሐውልት ቆሟል። የሕንድ መንግሥት በ2004 የሰጠው ስጦታ ነው፤ የሕንድ ሳይንቲስቶች ከሰርን ጋር የሚሠሩት ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ነው። በ2016 ማታ ሐውልቱ አጠገብ ሰው ሲሠዋ የሚያሳይ ቪዲዮም ተሰራጭቷል። ትወና ነበር፤ ቀልደኞች የሠሩት ፌዝ ነው፣ ሰርንም አልወደደውም። ማሽኑን በተመለከተ፣ 27 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ውስጥ ፕሮቶን ከፕሮቶን ያጋጫል። ከጠፈር የሚመጡ ቅንጣቶች ግን ከዚያ በሚበልጥ ጉልበት ከከባቢ አየራችን ጋር ዘወትር ይጋጫሉ። በሩ የሚከፈት ቢሆን ኖሮ ድሮ ተከፍቶ ነበር።

«ባርኮድ ላይ 666 ተደብቋል»

ይህን እንኳ እስቲ ቀረብ ብለን እንየው፣ የብስኩት ጥቅል አንሡ። ግራ ዳር፣ መሃልና ቀኝ ዳር ላይ ከሌሎቹ ረዘም ያሉ ጥንድ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። በቀኝ በኩል ያለው የስድስት ምልክትም ሁለት ቀጫጭን መስመር ነው። «ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት» የተባለው ከዚህ ተነስቶ ነው። ልዩነቱ ባዶው ቦታ ላይ ነው። እያንዳንዱ አኃዝ ሰባት እኩል ስፋት ይይዛል፤ ስድስት ማለት ሁለቱ መስመሮችና ከኋላቸው ያለው ሰፊ ነጭ አንድ ላይ ናቸው። ረዣዥሞቹ ግን ዳርና ዳር ሦስት ስፋት፣ መሃል ላይ አምስት ስፋት ብቻ ናቸው። ለማሽኑ «እዚህ ጀምር፣ እዚህ ጨርስ» ከማለት ሌላ ቁጥር የላቸውም። በግራ በኩል ያለ ስድስት ደግሞ ሌላ መልክ አለው።

የአሜሪካው ባርኮድ መጀመሪያ በሱቅ የተነበበው ሰኔ 26 ቀን 1974 ትሮይ፣ ኦሃዮ ውስጥ ነው። የተነበበው ማስቲካ ነበር። ዛሬ ወሬው ወደ ኪውአር ኮድ ዞሯል። እሱም በ1994 ጃፓን ውስጥ የመኪና ዕቃ ለመቆጣጠር የተሠራ ነው። ስለ ዲጂታል መታወቂያ የሚጠየቅ እውነተኛ ጥያቄ አለ፦ አሻራዬን ማን ያስቀምጠዋል? ማን ያየዋል? የ666 ጫጫታ ይህንን ጥያቄ ይውጠዋል።

«ቻትጂፒቲ ነፍስ አለው፤ መንፈስ ይናገርበታል»

በ2022 ብሌክ ለሞይን የሚባል የጉግል መሐንዲስ ላምዳ የተባለው ፕሮግራም ስሜት አለው ብሎ ተናገረ። እሱም የሃይማኖት ሰው ነበር። ጉግል አላመነውም፤ ከሥራም አሰናበተው። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ከብዙ ጽሑፍ ተምረው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ይገምታሉ። ብዙ ሰው ስለ ነፍስ ስለጻፈ እነሱም ስለ ነፍስ አሳምረው ያወራሉ። አማርኛ ላይ የተማሩት ጽሑፍ ደግሞ ጥቂት ነው። ጥቅስ ከነምዕራፉና ቁጥሩ ጠይቁት፣ ከዚያ መጽሐፉን ገልጣችሁ አመሳክሩ። የሌለ ቁጥር ፈጥሮ ሲሰጥ መያዙ አይቀርም፣ ያውም በሙሉ ልብ።

«ሳይንስና እምነት የዘላለም ጠላቶች ናቸው»

ከዚያኛው ወገን የሚመጣው ሊንክ ይህ ነው፤ ያመነ ሁሉ ያላነበበ ያስመስላል። የእኛን ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማስያውን፣ ያየ እንዲህ አይልም። የ2018 ዓ.ም. ፋሲካን ውሰዱ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት ሲደመርበት 7518 ይሆናል። (ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕና ተውሳክ በስሌቱ መንገድ ላይ የሚገኙ ቁጥሮች ስም ናቸው።) ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። በ11 ተባዝቶ 30 30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዑ 18። መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው። 18 እና 7፣ 25። ነነዌ ጥር 25 ገባች፣ ፋሲካም ከዚያ 69 ቀን ቆይቶ ሚያዝያ 4። 19 የገባው ጨረቃና ፀሐይ በየ19 ዓመቱ ስለሚገጥሙ ነው፤ ባቢሎናውያንና ግሪኮችም ያውቁት ነበር። ይህን የሚያሰላው ደብተራ የሥነ ፈለክ ስሌት እየሠራ ነው።

አጽናፈ ዓለም እየሰፋ ነው ብሎ በ1927 የጻፈውም ጆርጅ ለሜትር የቤልጅየም ካቶሊክ ቄስ ነበር። ዛሬ ቢግ ባንግ የምንለው ሐሳብ ከእሱ ይጀምራል። በኅዳር 1951 የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ባደረጉት ንግግር ይህ ሳይንስ ፍጥረትን የሚመሰክር አስመሰሉት። ሌላ ቄስ ቢሆን ደስ ይለው ነበር። ለሜትር ግን አልተደሰተም። የሳይንስ ሐሳብ ነገ ሊሻሻል ወይም ሊወድቅ ይችላል፤ እምነትን እሱ ላይ መትከል ለሁለቱም አይበጅም ባይ ነበር። ይህንንም ቫቲካን እንዲሰማው አደረገ። በ1952 የዓለም የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ሮም ላይ ሲሰበሰቡ ጳጳሱ ንግግር አደረጉላቸው፤ ያንን ነገር ግን አልደገሙትም።