ማስታወሻ፣ ማሳሰቢያ፣ ማስጠንቀቂያ፦ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ አንድ በር ላይ «ማስታወሻ፦ ያለ መታወቂያ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ማሳሰቢያ ለማለት ነው መሰለኝ።

ማስታወሻ እንዳይረሳህ የምትይዘው ነገር ነው፤ ደብተር ላይ የጫርከው ሊሆን ይችላል፣ የሠርግ ፎቶ ሊሆን ይችላል፣ እናቴ ጨው መግዛት እንዳትረሳ የምትቋጥረው የነጠላ ጫፍም ያው ማስታወሻ ነው። ማሳሰቢያ ግን ሌላውን ሰው «ልብ በል» የምትልበት ነው። ማስጠንቀቂያ ከበድ ይላል፣ ከኋላው ቅጣት አለ።

«አስታውሰኝ» ደግሞ ለብቻው ጣጣ አለው። «እንዳልረሳ ንገረኝ» ማለትም ነው፣ «አትርሳኝ» ማለትም ነው። ብድር የጠየቀህ ሰው ሲልህ የትኛው እንደሆነ አንተው ታውቀዋለህ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን ስልክ ላይ የማስታወሻ ደወል ሲሞላ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ለመውረድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ልትነሣ አስበህ፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር የሚሠራ ስልክህ ላይ 12:00 ብለህ ከሞላህ የሚጮኸው በቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ ያኔ ጓደኞችህ ገበያው መሀል ናቸው፣ አንተ ብርድ ልብስ ውስጥ። የስልኩ ሰዓት ከእኛ አቆጣጠር በ6 ሰዓት ስለሚለያይ መሙላት የነበረብህ 6:00 ነው። ከሰዓት በኋላ ለ10 ሰዓት ቀጠሮ ከሆነ ደግሞ 16:00 በል።