ቆልማማ እግር፦ መንስኤውና አጋላጭ ሁኔታዎቹ፣ ከሐረር ሲታይ

ቆልማማ እግር ሕፃኑ ሲወለድ መርገጫው ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ተረከዙ ወደ ላይ ተስቦ የሚታይበት ችግር ነው። በዓለም ላይ ከ1,000 ሕፃናት 1 ወይም 2 ያህሉ እንዲህ ይወለዳሉ። ወንዶች ላይ በእጥፍ ይበዛል። ግማሽ በሚያህሉት ላይ ሁለቱም እግር ነው።

ሐረር ላይ ጣት ቶሎ የሚቀሰረው እናትየው ላይ ነው። ግርዶሽ አይታ ይሆን? ሰው ረግሟት? ከእነዚህ አንዱም እግር አያቆለምምም።

ከአምስቱ አራቱ ሕፃናት ሌላ ችግር የለባቸውም፤ ለይቶ የሚጠቀስ አንድ መንስኤም አልተገኘም። ዘር ግን ትልቅ ድርሻ አለው። የእግርን አፈጣጠር የሚመሩት ፒቲኤክስ1 እና ቲቢኤክስ4 የተባሉ ዘረመሎች ከችግሩ ጋር ተያይዘዋል። ያም ሆኖ በተመሳሳይ መንትዮች እንኳ አንደኛው ሲኖርበት ሌላኛው ላይ የሚገኘው ከሦስት አንዴ ገደማ ነው። ስለዚህ ዘር ብቻውን አይበቃም።

ከውጭ ምክንያቶች ማስረጃው ጠንከር የሚለው በሲጋራ ላይ ነው። በቤተሰብ ውስጥ ችግሩ ኖሮ እናት በእርግዝናዋ ካጨሰች አደጋው በብዙ እጥፍ ይንራል። እኛ አገር ደግሞ ጫትን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ጫት ከሕፃን ክብደት ማነስ ጋር ይያያዛል፤ በቆልማማ እግር ግን ጥፋተኛነቱ አልተረጋገጠም። በርጫው (የጫት መቃሚያው) ላይ የሚጨሰው ሲጋራ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የእንሽርት ውሃ ማነስም ይጠቀሳል። «ማህፀን ጠቦት ነው» የሚለው ግን ብዙ አያስኬድም፤ ችግሩ ገና ቦታ ሳይጠብ፣ በ20ኛው ሳምንት ገደማ በአልትራሳውንድ ይታያልና።

ከአምስቱ በቀረው በአንደኛው ሕፃን ላይ እንደ አከርካሪ ክፍተት ወይም የመገጣጠሚያ መድረቅ ያለ ሌላ ችግር አብሮ ይኖራል። ለዚህ ነው ባለሙያ እግሩን ዓይቶ የሕፃኑን ጀርባም የሚያገላብጠው። ከዚያ ተረከዙን ይዞ የፊተኛውን እግር በቀስታ ወደ ውጭ ይገፋል። እሺ ብሎ ከተቃና በማህፀን አቀማመጥ የመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይስተካከላል። ካልተቃና ቆልማማ ነው።

አንጋፋው ሕይወት ፋና፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታላችን፣ ከምሥራቅ ሐረርጌ ገጠሮች ሳይቀር እናቶችን ይቀበላል። ድሬዳዋ ደግሞ ድልጮራ ሆስፒታል አለ።

ሕክምናው የፖንሴቲ ዘዴ ይባላል። እግሩ በቀስታ እየተቃና በጀሶ ይታሰራል፤ ጀሶው በየሳምንቱ ይቀየራል፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዙር ይበቃል። ቀጥሎ በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዳዳ በኩል ይቆረጣል። ከዚያ ልዩ ጫማው ለ3 ወር ቀንና ሌሊት፣ ቀጥሎ በእንቅልፍ ሰዓት እስከ 4 ወይም 5 ዓመት ይደረጋል። እግሩ ተመልሶ የሚጣመመው በአብዛኛው ይህ ጫማ ሲቋረጥ ነው።