ውሻ ሲነካ እንዳይደነግጥ ማለማመድ

ጥፍር መቆረጥ፣ ጆሮ መጸዳት፣ መታጠብ፣ መርፌ መወጋት። ለብዙ ውሾች ይህ ሁሉ ጭንቅ ነው። ውሻው የሚታገለው ወይም የሚናከሰው አብዛኛውን ጊዜ ፈርቶ እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም። አጥብቆ በመያዝ ዝም ማሰኘት ይቻል ይሆናል፤ ፍርሃቱ ግን አይለቀውም፣ እንዲያውም ሊብስበት ይችላል። ስለዚህ ሥልጠናው የሚሠራው ፍርሃቱ ላይ ነው።

መሠረቱ ከሩሲያዊው ሳይንቲስት ከኢቫን ፓቭሎቭ ሥራ ይመዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ይህ ሰው፣ ውሾች ምግብ ሊመጣ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ሲያገኙ ገና ሳይበሉ ምራቃቸው እንደሚመጣ አሳይቷል። እዚህም የሚፈለገው ይኸው ነው፦ የሚያስፈራው ነገር የደስ የሚል ነገር ምልክት እንዲሆን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ንክኪው፣ ከዚያ ምግቡ። ተገልብጦ በምግብ እያባበሉ እግሩን ላፍ ካደረጉት፣ ውሻው ምግቡንም መጠራጠር ይጀምራል።

ሁለተኛው ነገር መጠን ነው። ውሻው ጥፍር መቁረጫውን መጀመሪያ ከሩቅ ያያል፣ ከዚያ ያሸተዋል፣ ቀጥሎ መቁረጫው መዳፉን ይነካዋል፣ ከዚያ ድምፁን ይሰማል። ወደሚቀጥለው የሚታለፈው ውሻው ዘና ሲል ብቻ ነው። በቀን አንድ ጥፍር ብቻ ቢቆረጥ ምንም ነውር የለውም። የቸኮለ ሰው ነው ከዜሮ የሚጀምረው።

ጭንቀቱን ደግሞ ውሻው ራሱ ይናገራል። ሳይርበው ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ ፊቱን ያዞራል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል፣ ጭራውን ይወሽቃል። ሲያጉረመርም መቅጣት ትልቅ ጥፋት ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ትቶ በቀጥታ ወደ መንከስ ሊሄድ ይችላል።

በመካነ አራዊት ውስጥ ትልልቅ እንስሳት ሳይታሰሩ ደም እንዲሰጡ ይለማመዳሉ። ለውሻም ተመሳሳይ ዘዴ አለ። አገጩን ፎጣ ላይ እንዲያሳርፍ ይማራል። አገጩ እዚያ እስካለ ሥራው ይቀጥላል፣ ካነሳ ወዲያው ይቆማል። የሚገርመው፣ ማስቆም እንደሚችል ያወቀ ውሻ ብዙ ጊዜ ሳያስቆም ይታገሣል።

ጊዜው ሲመረጥ በቡችላነት፣ በተለይ ከ3 እስከ 14 ሳምንት ባለው ዕድሜ ቢጀመር ይቀላል። ያደገ ውሻም ይማራል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የአፍ መሸፈኛም አስቀድሞ መለመድ አለበት፤ አፍ ከፍቶ ለማለክለክ የሚያስችለው የቅርጫት ዓይነቱ ይመረጣል።

መነካትን በድንገት መጥላት የጀመረ ውሻ ካለ ከሥልጠና በፊት ሐኪም ይየው፤ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሕክምናው የማይዘገይ ከሆነና ልምምዱ ካልደረሰ ደግሞ የእንስሳት ሐኪሙ ማረጋጊያ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። የሰው ማረጋጊያ በራስ ግምት መስጠት ግን አደገኛ ነው።