ሜይል ሰርቨር ምንድን ነው? በቤት ኮምፒውተር ላይስ ይሠራል?

ሜይል ሰርቨር ኢሜይል ተቀብሎ በባለቤቱ ሳጥን የሚያስቀምጥ፣ ባለቤቱ ሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ ወደዚያው ሰርቨር የሚያሻግር ፕሮግራም ነው። ለአንድ ቤተሰብ 1 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃዋል።

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን በተባሉት የሊኑክስ ስርዓተ ክወናዎች ላይ ፖስትፊክስ የተባለውን የሜይል ሰርቨር ፕሮግራም ይጫኑ። ሲጫን የሰርቨሩን ዓይነት ይጠይቃል፤ ለጀማሪ የሚሻለው «ሎካል ኦንሊ» ነው። ደብዳቤው በዚያው ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች መካከል ብቻ ስለሚዘዋወር ስሕተት ቢፈጠር ከቤት አይወጣም።

መሥራቱን ለማየት ከሰርቨር ጋር በጽሑፍ በሚያነጋግረው ፕሮግራም በቴልኔት ፖርት 25ን (ኢሜይል የሚገባበትን የሰርቨሩን በር) ያንኳኩ። ሰርቨሩ 220 ብሎ ይከፍታል። «ሄሎ» ብለው የማሽንዎን ስም ሲነግሩት 250 ይላል፤ እሺ ማለቱ ነው። ላኪውን ይንገሩት፤ 250። ተቀባዩን ይንገሩት፤ 250። «ዳታ» ሲሉት 354 ብሎ ጽሑፉን ይጠብቃል። ማብቃቱን የሚያውቀው በአንድ መስመር ላይ ብቻዋን በተቀመጠች ነጥብ ነው፤ ነጥቧን ከረሱ ዝም ብሎ ይጠብቅዎታል። ይህ ንግግር ኤስኤምቲፒ ይባላል፤ ትእዛዞቹ ጆን ፖስቴል በ1982 እ.ኤ.አ. የጻፋቸው ናቸው። በ4 የሚጀምር መልስ «ቆይተህ ሞክር»፣ በ5 የሚጀምር «አልቀበልም» ነው። ይህችን ልዩነት የያዘ ሰው የሰርቨሩን የሥራ መዝገብ (ሎግ) ማንበብ አይቸግረውም።

ፈተናው ወደ ውጭ መላክ ላይ ነው። ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች አይፈለጌ መልእክትን ለመከላከል ከቤት መስመር የሚወጣውን ፖርት 25 ይዘጋሉ፤ መዝገቡ ላይ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» የሚል ከተደጋገመ ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ነው። ቢከፈትም እንደ ጂሜይል ያሉት የላኪው አይፒ አድራሻ (የማሽኑ የኢንተርኔት ቁጥር) ወደ ስም የሚመልስ መዝገብ በዲኤንኤስ፣ በኢንተርኔት የስም ማውጫ፣ ውስጥ እንዲኖረው ይፈልጋሉ፤ የቤት መስመር ደግሞ ይህ በባለቤቱ እጅ አይደለም። ስለዚህ ደብዳቤውን በፖርት 587፣ በይለፍ ቃል፣ በሌላ የታወቀ ሰርቨር በኩል ማሳለፍ ይሻላል። ፖስትፊክስ ላይ ይህ ቅንብር «ሪሌይ ሆስት» ይባላል።

አንድ ነገር አደራ! «ማይ ኔትወርክስ» በሚለው መስመር ላይ የራስዎን ማሽንና የቤትዎን ኔትወርክ ብቻ ይጻፉ። ለሁሉም ክፍት ከተደረገ የማያውቁት ሰው በእርስዎ ሰርቨር አይፈለጌ መልእክት ይልካል፤ አይፒዎም ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል።

ከውጭ መቀበል የሚፈልግ የራሱ ዶሜይን (የኢንተርኔት ስም)፣ የዶሜይኑን ደብዳቤ የሚቀበለውን ሰርቨር የሚያመለክት የኤምኤክስ መዝገብና ከውጭ የሚደረስበት አይፒ ያስፈልገዋል። ላፕቶፑ ሌሊት ቢዘጋ ግን አያስጨንቅ፤ ላኪው ሰርቨር ደብዳቤውን ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ፖስትፊክስ ራሱ ካልተቀየረ በቀር እስከ 5 ቀን ይታገሳል።